ለራሷ የህሊና ጸሎት የቆመች ነርስ

የፕሮግራም መሪው «እባካችሁ ከመቀመጫችሁ ተነሱልኝ» ሲል ነገሩ አልገባኝም ነበር። ነሐሴ ማብቂያ ላይ ነው። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካሉት የገበያ ሕንፃዎች በአንዱ፣ ላይኛው ፎቅ ላይ ባለው ሲኒማ ቤት፣ የአክስቴን ሕይወት የሚተርክ ፊልም ሊመረቅ ተሰብስበናል። ሰውየው ማይክራፎኑን ወደ አፉ አስጠግቶ ድምፁን አወፈረና «በሕይወት ለሌሉት ለታላቋ እናታችን፣ ለሲስተር፣ የአንድ ደቂቃ የህሊና ጸሎት እናደርጋለን» አለ። ቀጥሎ ስሟን ከነአባቷ ጠራ።

ክው አልኩ። አክስቴ አጠገቤ ተቀምጣለች። ከሁለት ሰዓት በፊት ሰሚት ካለው ኮንዶሚኒየም ቤቷ ካፖርት አልብሼ፣ በዝናብ ታክሲ ጠርቼ ያመጣኋት እኔ ነኝ። ጭኗ ላይ የፈንዲሻ ከረጢት ይዛለች። አዳራሹ በሙሉ ግር ብሎ ተነሳ፤ እኔ ወንበሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። እሷ ግን ፈንዲሻውን አስቀመጠች፣ ከዘራዋን ተደግፋ ቀስ ብላ ቆመች፣ ነጠላዋን አስተካከለችና አንገቷን ደፋች።

«ተነሺ እንጂ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ሰው ያየናል።»

ተነሳሁ። ምን ላድርግ? በዚህ ዕድሜዬ ስንት ለቅሶ ደርሻለሁ፣ ሟችን አጠገቤ አቁሜ ግን አላውቅም። ያቺ አንድ ደቂቃ አላልቅ አለችኝ። ከፊታችን የቆመች ልጅ እንባዋን በመሐረብ ስትጠርግ አየሁ። መጮህ አማረኝ። «በሕይወት አለች! ይቺውና!» ለማለት አፌን ስከፍት አክስቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። በልጅነቴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስናወራ እንደምትቆነጥጠኝ አድርጋ ነው የቆነጠጠችኝ።

ስንቀመጥ «ተዪያቸው» አለች። «መጀመሪያ ፊልሙን ልየው።»

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ጨለማው ውስጥ ተቀምጬ ሳሰላስል አገኘሁት፤ የእኔ ነው። ፊልሙን የሠራችው ወጣት ዳይሬክተር ባለፈው ዓመት ስልኬን አፈላልጋ ደውላልኝ ቦሌ መንገድ ላይ አንድ ካፌ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተገናኝተናል። እኔ እዚያው ቦሌ በሚገኝ ኮሌጅ ነርሶችን አስተምራለሁ፤ ያሳደገችኝም ነርስ እንድሆን ያደረገችኝም አክስቴ ናት። ልጅቷ ስትጠይቀኝ ማኪያቶዬ እስኪቀዘቅዝ ተረክሁላት። በዚያ ሰሞን አማቴ አርፈው አርባቸው ገና ስላልወጣ ከእግር እስከ ራሴ ጥቁር ለብሼ ነበር። አንዳንዴም ስናገር እንባ ይተናነቀኛል፤ እኔ ደግሞ አልቃሻ ነኝ። መጨረሻ ላይ «ሲስተር፣ ሌላ ላናግረው የሚገባኝ ሰው ይኖራል?» ስትለኝ «ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም» አልኩ። ጉራዬን አላጣሁም። አክስቴን ይዤላት ብሄድ «ተዉኝ፣ ምን አደረግኩና» ብላ ታሪኩን ታበላሽብኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር።

ልጅቷም ጥቁሬንና እንባዬን አይታ አክስቴ የሞተች መሰላት። «ለመሆኑ ሞተዋል ወይ?» ብሎ በሰው ሐዘን ላይ የሚጠይቅ የለም፤ ነውር ነው። እሷ በይሉኝታ ሳትጠይቅ፣ እኔ በኩራት ሳልናገር፣ አክስቴን በቁሟ ቀበርናት። የምርቃቱ መጥሪያ የመጣው በእኔ ስም ነው፤ «ከአንድ የቤተሰብ አባል ጋር» ይላል። ልጅቷም በምርቃቱ ቀን ከመድረኩ ጀርባ ተወጥራ ስለነበር አላየችንም።

አክስቴ ከአገሪቱ የመጀመሪያ ነርሶች አንዷ ናት። ሴት ልጅ ከቤት ወጥታ የማታውቀውን ወንድ ገላ ማጠቧ እንደ ጉድ በሚወራበት ዘመን ነጭ ቆቧን በፒን አስራ በጭነት መኪና ጠረፍ ድረስ ወርዳለች። ስንትና ስንት ነርስ አሰልጥናለች። እኛ ኮሌጅ ውስጥ እጁን ሳይታጠብ በሽተኛ የሚነካ ተማሪ ካለ አስተማሪዎቹ «ሲስተር ብታይህ!» ነው የምንለው። ከጡረታዋ ወዲህ ግን ሰው ስሟን እንጂ እሷን ረሳት። በወጣትነቷ የተነሳችው ፎቶ በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ የክትባት ማስታወቂያ ሆኖ ኖሯል። ተማሪዎቼ በየዓመቱ ድራማ ይሠሩባታል፤ እሷን ሆና የምትጫወተዋ ልጅ ፀጉሯን በዱቄት አንጥታ ትጮሃለች። ባለፈው ዓመትም አንዱ ፎቶዋ ላይ የሚያስለቅስ ሙዚቃ ጨምሮበት በስልክ ሲዘዋወር ደርሶኝ አሳየኋት። «ዘፈኑ ጥሩ ነው፣ ሴትየዋ ማናት?» አለችኝ። ሳቅኩ።

በነዚህ ሁሉ ላይ የማይቀር አንድ ታሪክ አለ፤ የተስቦው ታሪክ። በጠረፉ ሆስፒታል ተስቦ ገብቶ ሰው ሲረግፍ ሐኪሙም ሠራተኛውም ሸሸ፤ ወጣቷ ነርስ ብቻዋን ከበሽተኞቹ ጋር ቀረች፤ ሦስት ሳምንት አስታማ አዳነቻቸው፤ ተሸለመች። የሽልማቱ ወረቀት መስታወት ገብቶ ሳሎኗ ተሰቅሏል። እኔ ይህን ታሪክ ከአባቴ ሰምቼ አደግኩ፤ ለአዲስ ተማሪዎች የመጀመሪያው ትምህርቴ ይኸው ነው። ለዳይሬክተሯም የሰጠኋት እሱኑ ነው።

ፊልሙ ተጀመረ። አክስቴን ሆና የምትጫወተው ተዋናይት ቆንጆ ናት፤ ሽፋሽፍቷ ብቻውን ጥላ ይሠራል። አንድ የፈረንጅ ዶክተር ይወዳታል። አክስቴ ፈንዲሻዋን እየበላች «ያ ሽማግሌ? ጥርስ እንኳ አልነበረውም» ብላ ሳቀች፤ ከፊታችን ያለችው ልጅ ዞራ ገላመጠችን። እኔም ድንጋጤዬ ትንሽ ረገብ አለልኝ። ከፊልሙ በኋላ ተነስቼ «እነሆ በሕይወት አለች» እላለሁ፣ አዳራሹ ያጨበጭባል፣ ሁሉም በሳቅ ያልቃል ብዬ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

ከዚያ የተስቦው ክፍል መጣ። ተዋናይቷ የክፍሉን በር ከውስጥ ዘጋችና «ከእነሱ ጋር እሞታለሁ እንጂ አልወጣም!» ብላ ጮኸች። መርፌ ይዛ ከአልጋ አልጋ ትሮጣለች። አዳራሹ ውስጥ ሰው ንፍጡን ሲስብ ይሰማል። እኔም ማልቀስ ጀምሬ ወደ አክስቴ ስዞር ፊቷ ሌላ ሆኗል። አፏ ትንሽ ተከፍቷል፣ ዓይኗ ፈጥጧል። የራሷን ሞት ሲያውጁባት ያልደነገጠች ሴት አሁን ትንቀጠቀጣለች።

«አውጪኝ» አለች።

ደክሟት መስሎኝ ደግፌ ወደ ውጪ፣ ፈንዲሻ የሚሸጥበት ጋ ወሰድኳትና አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። የልብ ምቷን ልቆጥር እጇን ስይዘው ነጠቀችኝ።

«ይሄ የት ይታያል?»

«ለእንቁጣጣሽ በቴሌቪዥን ይተላለፋል። አገር ሙሉ ያይሻል፣ እቴቴ።»

«በፍጹም! እንዲህ ሆኖ መታየት የለበትም። እኔ አይደለሁም የቀረሁት።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ሸሽቻለሁ» አለች። «ከሐኪሙ ጋር፣ በአንድ መኪና።»

ያረጀ ሰው ነገር ይምታታበታል ብዬ ለማሰብ ሞከርኩ። እሷ ግን ተረኛ ነርስ ሥራ ስታስረክብ እንደምትናገረው፣ ሳታለቅስና ሳትቸኩል ነገረችኝ። ሆስፒታሉ ውስጥ አንዲት ልብስ አጣቢ ነበረች፤ በቀን ክፍያ የምትሠራ። ተስቦ የሚጋባው በቅማል ነው። ያን ጊዜ እዚያ ጠረፍ ላይ መድኃኒቱ አልቆ ነበር። የሚያድነው ልብሱን፣ አንሶላውን፣ ብርድ ልብሱን በበርሜል መቀቀል ብቻ ነው። አክስቴ ይህን ታውቃለች። ከመሄዷ በፊት አጣቢዋን ጠርታ «ሁሉንም ቀቅይ፣ በየቀኑ ቀቅይ፣ ውኃ አጠጫቸው» አለቻት። ሴትየዋም «እሺ እመቤቴ» አለች።

«ልብሱን የሚነካ ሰው ቀድሞ እንደሚታመም አልነገርኳትም» አለች አክስቴ። «ከነገርኳት ትሄዳለች ብዬ።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስትመለስ በሽታው ጠፍቷል። አብዛኞቹ በሽተኞች ተነስተው ፀሐይ ይሞቃሉ። አጣቢዋ በሩ አጠገብ ካለው አልጋ ላይ ተኝታለች። አክስቴ ሁለት ቀን አስታመመቻት፣ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ሐኪሙ ገና አልተመለሰም ነበርና ለበላይ የሚላከውን ሪፖርት አክስቴ ጻፈችው፤ «ክፍሉ በነርስ ክትትል ሥር ነበር» ብላ ፈረመች። ሽልማቱ የመጣው በዚያ ወረቀት ነው።

«መጀመሪያ ፈርቼ ዝም አልኩ። ኋላ አባትሽ ለሰው ሁሉ ሲያወራልኝ አፈርኩ። ከዚያ አንቺ ማስተማር ጀመርሽ» አለች። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።»

በመልሱ ጉዞ ታክሲ ውስጥ ተጣላን። ዝናቡ መንገዱን ሞልቶት መኪናው በእግር የሚሄድ ያህል ነው የሚጓዘው። ተናድጄ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ እንጂ ያን ጊዜ የተናደድኩት ለሞተችው ሴት አልነበረም። ለራሴ ነው። ስንት ዓመት ተማሪ ፊት ቆሜ የማስተምረው ሁሉ ውሸት ሆነብኝ። ሾፌሩ እንዳይሰማ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «እንግዲህ ተዪው፣ እቴቴ። ያለፈ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ስንት ሰው አዳንሽ! ማን ያውቅብሻል?» አልኳት።

«ያሞገሱኝ የሞትኩ መስሏቸው ነው» አለች። «አልሞትኩም። ከሞትኩ በኋላ ማን ያስተካክለዋል? አንቺ?»

እንደማላስተካክለው ሁለታችንም እናውቃለን።

በማግስቱ ለዳይሬክተሯ ደወልኩ። «አክስቴ በሕይወት አለች» ስላት ከስልኩ ውስጥ አንድ ነገር ወድቆ ሲሰበር ሰማሁ። ከሰዓት በኋላ ሰሚት ከተፍ አለች፤ ብርቱካንና ሙዝ ተሸክማ፣ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ አስከትላ። ጥፋተኛዋ እኔ ሆኜ ሳለሁ እሷ በሽማግሌ ይቅርታ ልትጠይቅ መጣች። ገና ከበሩ ስትገባ ከአክስቴ እግር ሥር ወደቀች።

«ልጅ ናት፣ ሳታውቅ ያጠፋችው ነው፤ ይማሯት» አሉ ሽማግሌው።

«ተነሺ፣ ጂንስሽ ይቆሽሻል» አለቻት አክስቴ። «ነፍስ ይማር ማለት ስድብ ነው እንዴ? ሰው ካልሄደ ወይም ካልሞተ አይመሰገንም ይባላል፤ እኔ ሳልሞት ሰማሁት።»

ልጅቷ እየሳቀች አለቀሰች። ሽማግሌው ነገሩ በሰላም ማለቁን አይተው መርቀው ሄዱ። በሩ ሲዘጋ አክስቴ «አሁን ወደ ሥራችን» አለችና ለእኔ የነገረችኝን ሁሉ ለልጅቷ ነገረቻት። መጨረሻ ላይ «የተስቦውን ነገር አስተካክዪው» አለቻት።

ዳይሬክተሯ ፊቷ አመድ መሰለ። ፊልሙ የቆመው በዚያ ክፍል ላይ ነው። ቴሌቪዥን ጣቢያው ከሦስት ቀን በኋላ ይረከባል፤ ተዋናይቷ ሌላ ሥራ ይዛለች፤ እንደገና መቅረጽ አይቻልም። ከዚያ «እማማ፣ መጨረሻው ላይ ጽሑፍ ማስገባት እችላለሁ» አለች። «ጥቁር አድርጌ፣ በነጭ ፊደል። የቀሩት ልብስ አጣቢዋ መሆናቸውን እጽፋለሁ። መታሰቢያነቱንም ለእሳቸው እናደርገዋለን። እንደውም ይሻላል!» ላፕቶፗን ከፈተች። ፊቷ በራ፤ የእኔም ልብ ትንሽ ቀለል አለው። «ስማቸውን ይንገሩኝ።»

አክስቴ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

ዕድሜ ነው ብዬ ልረዳት ሞከርኩ። «ቀስ ብለሽ አስቢ፣ እቴቴ። በምን ፊደል ይጀምራል?»

«አልረሳሁትም» አለች። «ሰምቼው አላውቅም። አጣቢዋ ነበር የምንላት። ስፈልጋት ደግሞ አንቺ እላታለሁ፣ ትመጣለች።»

«ስትታመምስ? ካርድ አልወጣላትም?» አልኩ። የነርስ ጥያቄ ነው የጠየቅኳት፤ አልጋ የያዘ በሽተኛ ካርድ አለው፣ ካርድ ላይ ስም አለ።

«ካርድ የማወጣው እኔ ነበርኩ» አለች። «አላወጣሁላትም።»

ዳይሬክተሯ እጇን ከላፕቶፑ ላይ አነሳች። ውጪ ልጆች ዝናቡ አባርቶ ኳስ ሲጫወቱ ይሰማል። አክስቴ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ የምታየው ወለሉን ነው።

«ስንቀብራት ዘበኛውና እኔ ነበርን» አለች። «አንገቷ ላይ ማተብ ነበራት፤ ቄስ ጠራን። ቄሱ ፍትሐት ሊፈቱ ሲሉ ስመ ክርስትናዋን ጠየቁኝ። ሰውየው ቆመው ይጠብቁኛል፣ መቃብሩ ተቆፍሯል። አላውቀውም ለማለት አፈርኩ። የራሴን ስመ ክርስትና ሰጠኋቸው። በእኔ ስም ፈቷት፣ በእኔ ስም ገባች።»

እኔ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ማልቀሴን አስታውሳለሁ፣ ዳይሬክተሯም አለቀሰች። አክስቴ ግን ጠበቀችን። የበሽተኛ ቤተሰብ ሲያለቅስባት እንዲህ ነበር የምትጠብቀው፤ ሲጨርሱ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

«ጻፊ» አለቻት። «ከበሽተኞቹ ጋር የቀረችው የሆስፒታሉ ልብስ አጣቢ ናት። እኔ ሸሽቻለሁ። የምትሠራው ሥራ እንደሚገድላት አውቅ ነበር፤ አልነገርኳትም። ስሟንም አልጠየቅኳትም። ከሥሩ የእኔን ስም አድርጊው፤ ከነአባቴ፣ ከነአያቴ።»

«እማማ፣ እንዲህ ብለን ካወጣነው ሰው ይሰድብዎታል። አሁን የሚወድዎት ሁሉ ነገ...» ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች፤ አክስቴን እንድከለክላት ፈልጋ ነው።

አልከለከልኩም። በታክሲው ውስጥ አንድ ጊዜ ከልክዬ አፍሬያለሁ። ላፕቶፑን ወደ ራሴ አዞርኩና አክስቴ ያለችውን ቃል በቃል ጻፍኩ። ስንጨርስ አክስቴ መነጽሯን አድርጋ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ «ሸሽቻለሁ» የሚለው ላይ ትንሽ ቆይታ አለፈችው።

ለእንቁጣጣሽ ቤቷ ሞላ። ልጆች አበባ ይዘው ይገባሉ፤ ጎረቤቶች ዶሮ ወጥ በልተው ሳሎኑ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ፊት ተደርድረዋል። «የእኛ ሲስተር ፊልም ወጣላት!» እያሉ ነው። የተስቦው ክፍል ሲመጣ አንዳንዱ ተነስቶ አክስቴን ጉንጯን ሳመ፣ እሷም ዝም ብላ ተሳመች። ፊልሙ አለቀ፣ ጥቁር ሆነ፣ ጽሑፉ ብቅ አለ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልቆየም፤ ወዲያው የዘይት ማስታወቂያ በጭፈራ ገባ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አብዛኛው አላነበበውም፤ ያነበቡት ሁለት ሦስት ሰዎች እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

ፊት ለፊታችን ያሉት አሮጊት ጎረቤት ማንበብ አይችሉም፤ አክስቴን ክንዷን ነካ አድርገው «መጨረሻ ላይ ምን ይላል፣ እህቴ? ስምሽን አይደል የጻፉት?» አሏት።

አክስቴ ከዘራዋን ተደግፋ ተነሳች፣ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻቸው።